ሰው ሲወድቅ ዝም በሉ

ቀትር ላይ እናቶች ይጣራሉ።

ጨው ሜዳው ላይ ነፋስ የሚቆመው በዚያ ሰዓት ነው፤ ነፋስ ሲቆም ደግሞ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። ድንበር ተሻጋሪዎቹም ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው በየስንጥቁ ተወሽቀው የሚተኙት በዚያው ሰዓት ነው። ቁራዎቹ ከጣቢያው ጣሪያ ተነሥተው በሸለቆው ላይ ይበተናሉ። ብረት ናቸው፤ ጆሮ እንጂ ዓይን የላቸውም፤ የመጀመሪያዎቹ ጠባቂዎች ቁራ ስላሏቸው ቁራ ሆነው ቀሩ። ከዚያ አንዷ እናት ትጀምራለች፦

«ሰይዶ! ሰይዶዋ! የት ሄድክብኝ አንተ ልጅ?»

ከወዲያ ማዶ ሌላዋ ትቀበላታለች፦ «ፋጡማዬ! ነይ እንጂ የኔ ሆድ፤ ውሃውን ይዤ ቆሜያለሁ!»

እናቶቹ እዚያ የሉም። ደጋ ላይ በየቤታቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከሞቱ ቆይተዋል። ቆላ የወረደው ድምፃቸው ብቻ ነው። ለልጆቻቸው በስልክ ከላኩት መልእክት ተለቅሞ የተሠራ ድምፅ።

የሙሄ ይማም ሥራ ጠሪነት ነበር። ድምፁን መሣሪያው ይሠራዋል፤ ቁልምጫውን ግን ሰው ካልመረጠለት ያበላሸዋል። አንድ ጊዜ አንዱን የሐርቡ ልጅ «ልጄ ሆይ፣ ድምፄን ስማ» ብሎ ሊጠራ ሲል ሙሄ ነው የደረሰበት። «እናት ናት ወይስ ጳጳስ?» አለና «አንተ ቀዥቃዣ፣ ምሳህ ቀዘቀዘ» በሚል ተካው። ልጁ ወዲያው መለሰ። ሙሄ የወረባቦ ሰው ነው፤ የዚያ አገር እናት ስትቆጣ ምን እንደምትል፣ ስትለማመጥ ድምፅዋን የት ላይ እንደምታወርደው ያውቃል። ለዚህ ነው የተቀጠረው።

ባሕር ማዶ ያሉት አገሮች ድንበራቸውን ወደዚህ ያመጡት እሱ ሳይወለድ ነው። እንደ ከብት በረት በየጊዜው እየተነቀለ፣ ወዲህ እየተተከለ መጣና ጨው ሜዳው ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ «መስመሩ» ይለዋል። ከነጭ ድንጋይ ክምር በቀር የሚታይ ነገር የለውም። የሚጠብቀው የአገሩ ልጅ ነው፣ ትእዛዙ የሚመጣው ከማዶ ነው።

በፊት ሥራው ቀላል ነበር። «ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት» እየተባለ ያደገ ሰው እናቱ ስትጠራው ምን ይላል? ከእንቅልፉ ሳይነቃ እንኳን «አቤት!» ይላል። ምላስ ከልብ ቀድሞ ይደርሳል። ቁራው ድምፁን ተከትሎ ዝቅ ይላል፣ ጠባቂዎቹ ይደርሳሉ፣ አለቀ።

የተያዘው ሰው ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሣጥኑ ከቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ከጣቢያው ኋላ ተቀምጧል። ሲሞላ መኪና መጥቶ ይጭነዋል፤ ሳይሞላ አይመጣም። ደንቡ እንደዚያ ነው። ከዚያ ወደ ድምፅ ቤት ይወስዷቸዋል። እዚያ ድምፃቸው ተለቅሞ እስኪያልቅ ሲናገሩ ይከርማሉ፣ ከዚያም ወደየቀያቸው ይመለሳሉ። የተመለሰ ሰው ሲያወራ ጎረቤቱ የሚያየው ዓይኑን አይደለም፤ ከንፈሩ መንቀሳቀሱን ነው።

ደጋው ግን ነገሩ ገባው። እናቶች መጥራት ተዉ። ልጁን የፈለገ ሄዶ ትከሻውን ይነካል እንጂ ከበር ቆሞ አይጣራም። «አቤት» ያለ ልጅ በጥፊ ይመታል፤ እስኪረሳው። መንደሩ ውስጥ የሚሰማው የበግና የዶሮ ድምፅ ነው። ሙሄ ለእናቱ ሲደውል ታነሣዋለች። «እማ፣ እኔ ነኝ፣ ሙሄ» ይላታል። ትንፋሿ ይሰማዋል። ትንሽ ታዳምጠውና ትዘጋለች። ከተለያዩ ወዲህ አንድ ቃል አልመለሰችለትም። እሱም አይፈርድባትም፤ በምን ታውቃለች እሱ መሆኑን?

እና ያን ዕለት ቀትርም እናቶቹ ተጣሩ፣ ተቆጡ፣ ለመኑ፤ ማንም አልመለሰም። ቁራዎቹ ባዶ ጆሯቸውን ይዘው ተመለሱ።

ጠባቂዎቹ ምሳ የሚበሉት ሣጥኑ ሥር ነው፤ በዚያ አገር ሌላ ጥላ የለም። ሙሄና ትርንጎ ጀርባቸውን ለቆርቆሮው ሰጥተው ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ትርንጎ ከሙሄ ቀድማ የተቀጠረች፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። አለቃቸው ሻምበል ባዘዘው ጎማ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይጎረጉራል። ከውስጥ አንድ ሰው ቆርቆሮውን በቀስታ መታ፤ ኳ፣ ኳ።

«ምንድነው? ወራጅ አለ እንዴ?» አለች ትርንጎ ወደ ቆርቆሮው ዞራ።

ሻምበሉ ሳቀ። ሙሄም ሳቅ አለ፤ የያዘውን ጉርሻ ግን ሳህኑ ላይ መለሰ።

«ውሃ ነው የሚፈልጉ» አለ።

«ጠዋት ወስደዋል፤ በደንቡ።» ሻምበሉ ስንጥሩን ወረወረ። «ሣጥኑ ግማሽ ሳይደርስ ስንት ቀን ሆነው? ማዶ ያሉት ጠሪ ምን ይሠራልናል እያሉ ነው። ሙሄ፣ እናቶችህ አርጅተዋል።»

«እናቶቹ ምን ያድርጉ፣ ልጆቹ አድገው ነው» አለች ትርንጎ።

«በል ተነሥ። ሸለቆውን በእግርህ እየው። በጆሮ ያልተገኘ በዓይን ይገኝ እንደሁ።»

ሙሄ ጆሮውን ደረቱ ላይ ሰካ። ጆሮ የምትባለው የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነገር ናት፤ የሚሰማውን ሁሉ ወደ ጣቢያ ትልካለች፤ ትሰማለች እንጂ አታይም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የሸለቆው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የተሰነጣጠቀ፣ ስንጥቁም እርስ በርሱ የሚመሳሰል ነው። ተዳፋቱን ሲወርድ የረገጠው ድንጋይ ከሥሩ ተንከባለለ።

«ወይኔ እግሬን!» ብሎ ወደቀ።

«እኔን!»

መሬቱ ተናገረ። መጀመሪያ አንዲት ሴት፣ ወዲያው ደግሞ ወንዶች፣ ሽማግሌ፣ ሕፃን፣ ተደራርበው፦ «እኔን! እኔን!» ከዚያ ዝም።

ሙሄ በግንባሩ እንደተደፋ ቀና አለ። ክንድ በማትሞላ ርቀት፣ ስንጥቁ ውስጥ፣ አንዲት ሴት አፏን በእጇ ከድና ታየዋለች። ከኋላዋ ሌሎች ዓይኖች አሉ። ማናቸውም አይተነፍሱም። ሴትዮዋ ዓይኗን ከፊቱ ላይ አንሥታ ወደ ጉልበቱ አደረገች። ደም እየወረደ ነበር። በዚያች ሰዓት፣ እንደዚያ ተይዛ ሳለች፣ ፊቷ ጭምድድ አለ፤ ለጉልበቱ።

ሰው ሳይጠራው የመለሰለት መቼ እንደነበር ሙሄ ትዝ አላለውም። ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ምንም ሳይናገር እያነከሰ ወጣ።

ጣቢያ ሲደርስ ሻምበሉ ቆሞ ጠበቀው።

«የት ነው የወደቅኸው?»

«ከጥቁሩ ቋጥኝ ወዲያ» አለ ሙሄ። ውሸት ነበር፤ ቋጥኙ በተቃራኒው በኩል ነው።

ሻምበሉ ጠባቂ ልኮ አስፈተሸ። «እዚያ ሰው የለም። ሸሽተዋል ማለት ነው። ለምን ወዲያው አልተናገርክም?»

«ነፋስ መስሎኝ።»

«የየት አገር ነፋስ ነው እኔን የሚል?» ሻምበሉ መሣሪያውን ነካ። የሙሄ ድምፅ ከጠረጴዛው ላይ ወደቀ፦ «ወይኔ እግሬን!» ከሥሩም ያ ሁሉ ሰው ተነሣ። ሻምበሉ ደጋግሞ አሰማው፤ በደጋገመ ቁጥር ፊቱ ይበራል። «አየኸው? አቤትን ደጋው አስተዋቸው። ይኼንን ግን ያስተዋቸው የለም! ማንም አላሰበውም! ማዶ ልኬላቸው በደስታ ሊያብዱ ነው። ቃሉ ምን ማለት ነው ብለው ጠየቁ፤ መሣሪያቸው እጅ መስጠት ነው ብሎ ተረጎመላቸው።»

«እኔ ልውደቅልህ ማለት እንደሆነ ማን ይንገራቸው» አለች ትርንጎ ከበሩ ላይ።

«ምንስ ቢሆን! ዛሬ ነፋሱ አመሻሽ ላይ እንደገና ሲቆም በመስመሩ ሁሉ እንለቀዋለን። በሁሉም ቁራ። የኛንም ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር።» ሻምበሉ የሙሄን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «ድምፅህ ከእንግዲህ የመስመሩ ነው። እንኳን ደስ ያለህ!»

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አለ ሙሄ።

ውጪ ወጥቶ ሣጥኑ አጠገብ ቆመ። ማንኳኳቱ ቀርቷል። ያቺ ሴት እዚህ ውስጥ ስትገባ፣ ትርንጎ ደግሞ «ወራጅ አለ?» ስትላት ታየው። ጆሮውን ከደረቱ ነቀለና የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቀላት።

«ጆሮህን ረሳህ» አለችው ትርንጎ።

«ልሸና ነው።»

«ለሽንት ጆሮ ይፈታል እንዴ?»

ሙሄ መንገዱን ቀጠለ። ትርንጎ አየችው፤ ጉልበቱን አየች፤ የሚሄድበትን አቅጣጫ አየች። ጥቁሩ ቋጥኝ በዚያ በኩል አልነበረም።

«ነፋሱ ሳይቆም ተመለስ» አለችና ፊቷን አዞረች።

ስንጥቁ አፍ ላይ ሲደርስ ማንም አልሸሸም፤ መሸሻ የለም። ሴትዮዋ የነጠላዋን ጫፍ ቀድዳ ጠበቀችው።

«ብዙ ደማህኮ» አለችው። «ቁጭ በል እስቲ።»

«ጊዜ የለኝም። ለምን አላችሁት?»

«ምኑን?»

«እኔን ያላችሁትን! እናቶቻችሁን ችላችሁ እንዴት እኔን ሳትችሉ ቀራችሁ?»

«እኛ መች አልነው» አለች እየጠቀለለችለት። «እሱ ራሱ ወጣ እንጂ። አፌ ላይ ነው የደረስኩበት።»

ስሟ ሰዓዳ ነው። ትንሽ ልጇ ሐያት ቀሚሷን ይዛለች። ከኋላ ያለው ሽማግሌ አያ ፈንታው ነው፤ ቀሪዎቹ እሱን ተከትለው የወጡ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ናቸው። ሙሄ ነገሩን ነገራቸው። አመሻሽ ላይ ሰው ሲወድቅ ትሰማላችሁ፤ የወደቀ ሰው የለም፤ ድምፁ የኔ ነው፤ ዝም በሉ። ማታ መስመሩን እስክትሻገሩ ድረስ ምንም ብትሰሙ፣ ማንም ቢወድቅ ዝም በሉ።

አያ ፈንታው ራሱን ነቀነቀ። «አቤትን ተዉ ተባልን፣ ተውን። እሱ የራሳችን ነበር። የሌላውን ሕመም ደግሞ የት እናድርገው ልጄ?»

«ዋጡት።»

«ይዋጣል?»

«ለዛሬ ብቻ ነው አያ። ካልዋጣችሁት ሣጥኑ ይውጣችኋል።»

ሽማግሌው ቁራጭ ጨርቅ አውጥቶ ጥርሱ መሀል አደረገ፤ ሌሎቹም አዩትና ተከተሉ። ችግሩ ሐያት ነበረች። ሰዓዳ ልጅዋን አየች፣ ከዚያም ሙሄን አየች።

«ይኼ ምክር አይገባትም። ሲሆን ካላየች አይገባትም።»

ሙሄ ተነሣ። ራሱን አሰናከለና ልጅቱ ፊት ተዘረረ።

«እኔን!» አለች ሐያት፣ ሮጣም ፊቱን ነካችው። እጇ ትንሽና ትኩስ ነበረች።

«እንደዚያ አይባልም» አላት። «እንደገና።»

እንደገና ወደቀ። «እኔን!» አለች። እናትየዋ አፏን ከደነችላት። እንደገና ወደቀ። ልጅቱ ጨዋታ መሰላትና ሳቀች፤ እየሳቀችም አለችው። እንደገና። አሁን ሳቋ ቆመ፤ ለምን እንደሚወድቅ፣ ለምን እንደማይመልሱለት ግራ ገብቷት ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። እንደገና። ከታሠረው ጉልበቱ ደም በጨርቁ ዘለቀ። ከዚያ አንድ ጊዜ ወደቀና ምንም ድምፅ አልሰማም። ቀና ሲል ሐያት ሁለት መዳፎቿን አፏ ላይ ደራርባ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ቆማለች።

«ጎበዝ!» አላት። ሰዓዳ ፊቷን ወደ ድንጋዩ አዞረች።

ነፋሱ ቆመ። ሙሄ ለመመለስ ጊዜ አልፎት ስለነበር ከእነሱ ጋር ተወሸቀ። ቁራዎቹ መጡ። ከሰማይ የራሱ ድምፅ ወደቀ፦

«ወይኔ እግሬን!»

ጥርሶች ጨርቅ ላይ ተነከሱ። አንዱ ጎልማሳ ግንባሩን ከዓለቱ ጋር አጣበቀ። ድምፁ ራቅ ብሎ እንደገና ወደቀ፣ ከዚያ ቀርቦ። ሙሄ ሰማይ ሙሉ ሆኖ ሲወድቅ ራሱን ይሰማል። እያንዳንዱ ውድቀት እውነተኛ ነበር፤ ቀን የወደቃት ያቺው አንዷ ናት። ሰዓዳ እጁን ጭብጥ አድርጋ ይዛዋለች፤ የሚወድቅ ይመስል።

ከዚያ ከሸለቆው ማዶ ሰማ።

«እኔን!»

የሴት ድምፅ ነው። ከሩቅ። ወዲያው ከሌላ ስንጥቅ «እኔን ይድፋኝ!» የሚል የወንድ። ከሜዳው ጫፍ ደግሞ ብዙ ሰው፣ ፈርተው በሹክሹክታ፣ ግን አሉት። ሙሄ በዚያ ባድማ ያን ያህል ሰው ተኝቶ ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም። ምድሪቱ ከዳር እስከ ዳር ለእሱ አዘነች። ቁራዎቹ አንድ ባንድ ዝቅ አሉ፤ ሞተሮች ተነሡ፤ የሣጥኑ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ከዚያ ድረስ ይሰማ ነበር።

ሐያት መዳፎቿን አላነሣችም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጠባቂዎቹ ሁሉ ወደ ሸለቆው ማዶ ተጠርተው ስለነበር የሸለቆው ምሥራቅ ባዶ ሆነ። አንድ ቁራ ብቻ ከፍ ብሎ ይዞራል፤ ይሰማል። «አሁን ነው» አለ ሙሄ በእጅ ምልክት። እሱ ቀድሞ ወጥቶ አካባቢውን አየና በእጁ ጠራቸው። የተዳፋቱ ጫፍ ላይ ሊደርስ ሲል የታሠረው ጉልበቱ ከዳው። ድንጋይ ይዞ ነበር፣ ድንጋዩም አብሮት መጣ።

ሲወርድ እግሩ ሲሰበር ሰማው፤ እንደ ደረቅ እንጨት። ጩኸቱ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ እጅጌውን ነከሰ። ጠጠሩ ከኋላው ወርዶ ቆመ፤ ቁራውም መዞሩን አቁሞ ባለበት ተንሳፈፈ።

ሰዎቹ ከእሱ በታች ቆመዋል፤ አይተውታል። የሰዓዳ አፍ ተከፍቶ ነበር። ሙሄ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። አፏ ቀስ ብሎ ተዘጋ፤ እንባዋ ግን ፈሰሰ።

ሊሸከሙት አጎነበሱ፤ ራሱን ነቅንቆ እምቢ አላቸው። እግሩን ሲነኩበት እንደሚጮህ ያውቃል። በእጁ ወደ ምሥራቅ ጠቆመ፤ ሂዱ። አያ ፈንታው የውሃ ኮዳውን ደረቱ ላይ አኖረለትና መዳፉን ግንባሩ ላይ አሳረፈ፤ አለፈ። ቀጥሎ ጎልማሳው ትከሻውን ነካው፤ አለፈ። አንዱ ፀጉሩን፣ አንዷ ጉንጩን። ቃል የለም። ሁሉም የሚሉትን በመዳፋቸው አኖሩለትና ሄዱ። ሰዓዳ ከሁሉ ኋላ መጣች። ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችውና ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ የልጅዋን እጅ ከአፏ ላይ ወስዳ ጉንጩ ላይ ልታደርግለት ሳበችው።

ሐያት እምቢ አለች። እጇን መነጨቀችና መልሳ አፏ ላይ ደራረበች። ሙሄን የምታየው ድንጋይ እንደምታይ ነበር፤ አሁን ምን ማድረግ እንዳለባት የምታውቅ፣ ጎበዝ ልጅ።

ሙሄ ከተኛበት ጨው ሜዳው ይታየው ነበር። በመጨረሻው ብርሃን እነሱ እያነሱ፣ እያነሱ ሄደው ከነጮቹ ድንጋዮች ወዲያ ሆኑ። ቁራውም ዞሮ ሄደ። እዚያ ሲደርሱ ጨርቁን ከአፋቸው ሲተፉ፣ ተንበርክከው ሲያለቅሱ፣ ሰዓዳም ወደ እሱ ዞራ አንድ ነገር ጮክ ብላ ስትናገር አየ። ምን እንዳለች ርቀቱ አላደረሰለትም፤ ግን አውቆታል።

ልጅቱ ከአጠገቧ ቆማለች። እናቷ ጎንበስ ብላ እጆቿን ልታወርድላት ስትታገል ይታያል። መሸና ሁለቱም እስኪጠፉበት ድረስ አላወረደችም።